የግንበኛው ልጅ ብዕር

መሣሪያው ትንሽ ነው። ጠባብ ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ሹል ዘንግ፤ ሌላ ነገር የለውም። እረኛው የተነፋውን በግ ግራ ጎን ይዳብሳል። ቦታውን ይመርጣል። ዘንጉ በቱቦው ውስጥ እንዳለ ቆዳውንና ጨጓራውን በአንድ ውግታ ይበሳል። ከዚያ ዘንጉን ላጥ አድርጎ ያወጣዋል፤ ቱቦውን ግን ካለበት አያነቃንቅም። ውስጥ የታመቀው አየር በቱቦው ሽቅብ ይወጣል። ኃይሉ በቱቦው አፍ ላይ የተያዘ ሻማ ለማጥፋት ይበቃል።

በቦታው ሻማ የያዘ ሰው የለም። ቀኑ እሑድ ነው፤ ጊዜው ከቀትር በኋላ። በጎቹ አጥር ጥሰው ለጋ ማገጥ ውስጥ ገብተዋል፤ በልተው ተነፍተው ወድቀዋል። ሻማው የደራሲው መለኪያ ነው። ቶማስ ሃርዲ በ1874 በታተመው «ፋር ፍሮም ዘ ማዲንግ ክራውድ» በተባለው ልብ ወለዱ ይህን ሲጽፍ «አየሩ በኃይል ወጣ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን አንባቢው በየቤቱ የሚያውቀውን ነገር አምጥቶ ኃይሉን ለካበት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሒሳቡ ቀጥሎ ይመጣል። የታመሙት በጎች 57 ናቸው። እረኛው ገብርኤል ኦክ 49ኙን በስቶ አዳነ። 4ቱ ሞቱ። 3ቱ ማንም ሳይበሳቸው አገገሙ። አንዷን ግን ሳታት፤ በጥድፊያው መካከል እጁ ከቦታው ወጣ ብሎ ወጋትና ወዲያው ገደላት። ደምሩት፤ 57 ይሞላል። 50 ጊዜ ወግቶ አንዴ የሳተ እጅ ነው። ምዕራፉን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በዚህች በግ ላይ ነው። 50ውም ቢድኑ ኖሮ ኦክ የተረት ሰው ይሆን ነበር። 49ኙ መዳናቸውን የምናምነው በእርሷ ምክንያት ነው። ሃርዲ የእጅ ሥራን ልክ ያውቃል፤ በልኩ ውስጥ መዛነፍ የት እንደሚገባም ያውቃል፤ ቦታውን ለክቶ ይተውለታል። ከመጀመሪያ ልብ ወለዶቹ እስከ መጨረሻ ግጥሞቹ ድረስ ሥራው ሁሉ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

ዓይኑ የሠለጠነው ቤቱ ውስጥ ነው። ጁን 2 ቀን 1840 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት አውራጃ፣ ሃየር ቦክሃምፕተን በምትባል የጥቂት ቤቶች መንደር ተወለደ። ቤቱ በ1800 ገደማ በቅድመ አያቱ ዘመን የቆመ ነው። ግድግዳው ጭድ ተቀላቅሎበት የተረገጠ ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ ሠራተኞችም ቀጥሮ ያሠራ ነበር። ቫዮሊንም ይጫወት ነበር፤ እርሱም አያትየውም በስቲንስፈርድ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ ጓድ ውስጥ አገልግለዋል። ልጁ በ16 ዓመቱ በዶርቼስተር ከተማ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን ያድስ ለነበረው አርክቴክት ለጆን ሂክስ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በ1862 ወደ ለንደን ሄዶ በአርተር ብሎምፊልድ ቢሮ ተቀጠረ። በዓመቱ የብሪታንያ አርክቴክቶች ተቋም ባወጣው የጽሑፍ ውድድር ሜዳሊያ አገኘ። የጽሑፉ ርዕስ ባለቀለም ጡብና የተተኮሰ ሸክላ በዘመናዊ ሕንፃ ላይ እንዴት እንደሚውሉ ነበር። ብዕሩ ቀድሞ የተሸለመው ስለ ጡብ ጽፎ ነው።

ስለዚህም በዚያው ልብ ወለድ የበግ ሽለታውን ምዕራፍ ሲጽፍ ሸላቾቹን ከማስገባቱ በፊት ሕንፃውን ያቆማል። ትልቁ ጎተራ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን። ጎኖቹን የድንጋይ ድጋፎች ይዘዋቸዋል። በሮቹ ነዶ እስከ አፉ የተጫነበት ጋሪ ሳይነካቸው እንዲያልፍ ሆነው ከፍ ብለዋል። ጣራውን የተሸከመው የቼስትነት እንጨት ነው። መሐል ያለው የመውቂያ ወለል ኦክ ከተባለው ዛፍ የተሠራ ወፍራም ጣውላ ነው፤ በዕድሜ ጠቁሯል፤ በትውልዶች የመውቂያ ዱላ ለስልሷል። ሕንፃው 400 ዓመት ቆይቷል፤ ዛሬም የሚያገለግለው መጀመሪያ ለተሠራበት ነገር ነው። ሃርዲ ይህን ነጥብ ሆን ብሎ ያሰምርበታል፤ በዚያው ዘመን የቆሙት ቤተ ክርስቲያንና የጦር ግንብ እንዲህ አልዘለቁምና። የሰዎቹ ታሪክ የሚጀምረው ሕንፃው ከቆመ በኋላ ነው።

ኦክ አንዲት በግ በ23 ደቂቃ ተኩል ሸልቶ ይጨርሳል። የቆጠረችለት የእርሻው ባለቤት ባትሼባ ኤቨርዲን ናት፤ ሰዓቷን እያየች። ይወዳታል። አንድ ጊዜ ለጋብቻ ጠይቋት እምቢ ብላዋለች፤ አሁን ተቀጥሮ በጎቿን ይጠብቃል። ሌላ በግ ይዞ ሳለ ባለጠጋው ጎረቤት ቦልድዉድ ይመጣል፤ እርሷም ከእርሱ ጋር ትነጋገራለች። ኦክ ዓይኑን ወደ እነርሱ መለስ አደረገ። መቀሱ የበጓን ብሽሽት ነከሰ። ባትሼባ ትቆጣዋለች። የቁስሉ ምክንያት እርሷ ራሷ እንደሆነች ኦክም ያውቃል፣ አንባቢም ያውቃል። ኦክ መድኃኒቱን አስመጥቶ ቁስሉን ያስቀባል፤ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሰውየው ልብ ምን ያህል እንደተነካ የሚለካልን 23 ደቂቃ ተኩል ሳይስት የሠራው መቀስ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ጨርሶ የማይስት እጅ ያለው ሌላ ሰው ነው፤ ወታደሩ ሰርጀንት ትሮይ። በረጃጅም ፈርን በተከበበ ጎድጓዳ ስፍራ ባትሼባን አቁሞ በዙሪያዋ ሰይፉን ያወናጭፋል። እንዳትነቃነቅ ያዛታል። ሰይፉ ስለት እንደሌለው ነግሯታል። በመጨረሻ ከጸጉሯ አንድ ዘለላ ይቆርጣል፤ ልብሷ ላይ ያረፈ አባጨጓሬ በሰይፉ ጫፍ ወግቶ ያነሳል። ያኔ ነው ሰይፉ ምን ያህል የተሳለ እንደሆነ የምታውቀው። በዚያ ምሽት ትሮይ አንዲት ቅንጣት እንኳ አልሳተም። በእጅ ብልሃት ብቻ ቢመዘን ከኦክ ይበልጣል። ሃርዲ ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አቁሞ አያወዳድርም፤ አንባቢው ራሱ እስኪያያቸው ድረስ ይጠብቃል። ባትሼባ ትሮይን ታገባለች። በመከሩ ድግስ ሌሊት ትሮይ ሠራተኞቹን ሁሉ ብራንዲ ያጠጣቸዋል። በዚያው ጎተራ ውስጥ በየቦታው ተዘርረው ይተኛሉ፤ ውጭ ማዕበል እየመጣ ነው፤ የእህሉ ክምርም አልተሸፈነም።

የማዕበሉን መምጣት ኦክ ያነበበበት መንገድ በእኔ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ የተዋጣው ሥራ ነው። በመንገዱ ላይ ጓጉንቸር አጋጠመው። ቤቱ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር አየ፤ በመስመሩ ጫፍ ከደጅ የገባች ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ አገኘ። ሸረሪቶች ከጣራው ወደ ወለሉ ወረዱ። ከዚያ ሄዶ በጎቹን ተመለከተ፤ ጅራታቸውን ማዕበሉ ወደሚመጣበት አዙረው ተጠጋግተው ቆመዋል። አሁን ማስረጃዎቹን ይለያቸዋል። የሚሳቡት ፍጥረታት ኋላ የሚመጣውን ዝናብ ያውቃሉ፤ ስለ ነጎድጓዱ ግን አያውቁም። በጎቹ ነጎድጓዱን ያውቃሉ፤ ከእርሱ በኋላ ስለሚመጣው ዝናብ ግን አያውቁም። እንግዲያው በመጀመሪያ ነጎድጓድ፣ ቀጥሎ የማያባራ ቀዝቃዛ ዝናብ ይሆናል። ከሁለቱ ምስክሮች አንዳቸውም ሙሉ አይደሉም፤ የጎደላቸው ሲገጣጠም ግን የሌሊቱ ሰዓት ሁሉ ታወቀ።

ኦክ ክምሮቹን ይቆጥራል። 5 የስንዴ፣ 3 የገብስ። አንዱ የስንዴ ክምር ሲወቃ 30 ኳርተር፣ የገብሱ 40 ኳርተር ይወጣዋል፤ ኳርተር የእንግሊዝ ገበሬ እህል የሚሰፍርበት ልክ ነበር። ሃርዲ ማባዛቱን እንደ ደብተር ሒሳብ በገጹ ላይ ዘርግቶታል። 150 ኳርተር ስንዴ፣ 500 ፓውንድ። 120 ኳርተር ገብስ፣ 250 ፓውንድ። ድምር 750 ፓውንድ። የሚወዳት ሴት ሀብት በዚያች ሌሊት ይህን ያህል ነው፤ ሊድን የሚችለውም በእርሱ እጅ ብቻ ነው።

የክምሩ አናት ላይ ሲሠራ ነዶውን የሚደግፍበት ረጅም የብረት ዘንግ ሰክቷል፤ ከእጅ ብዛት የለሰለሰ ዘንግ ነው። መብረቁ ሲቀርብ ወርዶ የፈረስ ማሰሪያ ሰንሰለት አመጣ። አንዱን ጫፍ ከዘንጉ ጋር አያያዘ። ሌላውን እስከ መሬት ለቀቀውና በጫፉ ያለውን ችካል መሬት ውስጥ መታው። ግቢው ውስጥ ከነበረው ዕቃ መብረቅ ማሳለፊያ ተሠራ። ባትሼባ በሌሊት ወጥታ ነዶ እየተሸከመች በመሰላሉ ታቀብለዋለች። ከዚህ በላይ የፍቅር ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም።

ቀደም ሲል፣ በ1872 በወጣው «አንደር ዘ ግሪንውድ ትሪ» ውስጥ፣ ጫማ ሰፊው ሚስተር ፔኒ አንድ ፎርማ አውጥቶ ለጎረቤቶቹ ያሳያል። ፎርማው ሲያዩት ቅርጽ የለውም፤ እዚህም እዚያም ቁራጭ ቆዳ ተለጥፎበታል። ፔኒ ያስረዳል። የተሠራው ለደንበኛው አባት ነበር። ይህ ቁራጭ ጣቱ ሥር ላበጠው አጥንት የተጨመረ ነው፤ ያኛው ፈረስ ከረገጠው በኋላ። የሁለት ሰው ዕድሜ በአንድ እንጨት ላይ ተመዝግቧል። አዲስ ልሙጥ ፎርማ ቢመጣ ማንንም አይመስልም፤ ይህ ግን ከእነ እብጠቱ አንድ እግር ብቻ ነው የሚገጥመው።

«ዘ ውድላንደርስ» በ1887 ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ማርቲ ሳውዝ የተባለች ወጣት በምድጃ ብርሃን የክዳን ችካል ትሠራለች። ችካሉ የሣር ክዳንን ወግቶ የሚይዝ ቀጭን እንጨት ነው። በአንድ እጇ ቆንጨራ ይዛለች፤ በሌላው ለእጇ በጣም የሰፋ የቆዳ ጓንት አጥልቃለች። በግራዋ ቀጥ ያሉ ልሙጥ በትሮች አሉ። በቀኟ ስንጥርና ቁርጥራጭ አለ፤ እሳቱ የሚነደው በእርሱ ነው። ከፊቷ ያለቀው ሥራ ተከምሯል። በትሩን ታነሳለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ትመረምረዋለች። በልኩ ትቆርጠዋለች። አራት ቦታ ትሰነጥቀዋለች። እያንዳንዱን ስንጣቂ በፈጣን ምት ትጠርበውና ባለሦስት ጠርዝ ሹል ታወጣለታለች። ሥራው የአባቷ ነው፤ አባቷ ታሞ ተኝቷል። ጓንቱ ለምን እንደሰፋት ከዚህ በኋላ መጠየቅ አያስፈልግም።

የ1 ሺህ ችካል ዋጋ 18 ፔኒ ነው። በዚያው ሌሊት አንድ ጸጉር አስተካካይ ይመጣል። ረጅሙን ጸጉሯን ለአንዲት ባለጠጋ ሴት መግዛት ይፈልጋል፤ 2 የወርቅ ሳንቲሞችም ያቀርብላታል። በዘመኑ አንዱ የወርቅ ሳንቲም 1 ፓውንድ፣ ማለትም 240 ፔኒ ነበር። ሃርዲ ማካፈሉን አልሠራልንም። ቢሠራ 26 ሺህ 600 ከሚበልጥ ችካል ዋጋ ጋር እኩል ይወጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ግን በአንድ ክፍል፣ በአንድ እሳት ፊት አስቀምጧቸዋል። በዘመኑ የነበረ የገጠር አንባቢ ገጹን ሳይገልጥ ያሰላው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚሁ መጽሐፍ አንድ ነገር ልጨምር። ጋይልስ ዊንተርቦርን ችግኝ ይተክላል፤ ማርቲ ቀጥ አድርጋ ትይዝለታለች። ሥሮቹን አንድ በአንድ በጣቶቹ ይዘረጋል። በዙሪያው እኩል አይበትናቸውም፤ አብዛኛውን ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመራል። ከ40 ዓመት በኋላ ታላቁ ነፋስ ከዚያ ወገን ሲመጣ ዛፉ አጥብቆ መያዝ የሚያስፈልገው በዚያ በኩል ነውና። እኩል ቢዘረጋ ለዓይን ያምር ነበር። ዛፉን የሚያቆመው ግን ያለመተካከሉ ነው።

ይህን ሃርዲ ከሕንፃ ሙያው የተማረው በዋጋ ነው። ማርች 7 ቀን 1870 አንዲት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ለማደስ ሊለካ ወደ ኮርንዎል፣ ወደ ሴንት ጁሊዮት ሄደ። ኋላ ሚስቱ የሆነችውን ኤማ ጊፎርድን ያገኘው እዚያ ነው። የተቀረጹትን የመቀመጫ ጎኖች በእርሳስ ነደፋቸው። በእድሳቱ ግን ግንቡ ፈረሰ፤ የሰሜኑ ክንፍ ፈረሰ። እርሱ ተጠግኖ ይቆይ ያለው አሮጌ የተቀረጸ የመቅደስ ግርዶሽ እንጨት እንኳ በአዲስ ተተካ። ኋላ አሮጌ ሕንፃዎች እንዳይፈርሱ የሚሟገተውን ማኅበር ተቀላቀለ፤ በ1906 ለማኅበሩ ስለ ቤተ ክርስቲያን እድሳት ትዝታው ጽሑፍ አቀረበ። በወጣትነቱ በተካፈለበት ሥራ ምን እንደጠፋ በዚያ ጽሑፍ በዝርዝር ይቆጥራል። የአሮጌ ግንበኞች መስመር ፍጹም ቀጥ አይልም፤ ሁለት መስኮቶች እኩያ ሆነው አንድ አይደሉም። አዲሱ ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲመጣ የሄደው ይህ ነበር።

ልብ ወለዶቹ በተከታታይ ስለወጡባቸው መጽሔቶች ብዙ አልልም። «ቴስ» የተባለው ልብ ወለዱ በ1891 በ«ግራፊክ» መጽሔት በተከታታይ ሲወጣ ጎርፍ የሸፈነውን መንገድ የሚሻገሩ አራት ላም አላቢ ልጃገረዶችን ኤንጅል ክሌር በክንዱ አቅፎ ማሻገሩ አልተፈቀደም። ሃርዲ በእጅ ጋሪ አደረገው። ለመጽሔቱ የለወጠውን ግን በእጅ ጽሑፉ ላይ በተለየ ቀለም ጻፈ፤ መጽሐፉ ሲታተም የትኛው ተነቅሎ የትኛው እንደሚመለስ እንዲታወቅ። ጋሪው ወጣ፤ ክንዱ ተመለሰ። በ1895 «ጁድ» ታትሞ ውግዘት ከወረደበት በኋላ ልብ ወለድ መጻፉን ተወ።

ቀሪውን ዕድሜውን፣ ከ30 ዓመት በላይ፣ ለግጥም ሰጠ። የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፉ «ዌሴክስ ፖየምስ» በ1898 ራሱ በሣላቸው ሥዕሎች ታጅቦ ወጣ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1928 እስኪሞት ድረስ የጻፋቸው ግጥሞች ከ900 ይበልጣሉ። ከወረቀቶቹ መካከል ቃል ያልገባባቸው የግጥም አጽሞች ነበሩ፤ ምቱና የቤት አመታቱ ብቻ የተሰመረባቸው፣ ገና ሰው እንዳልገባበት የቤት ንድፍ። ሃያሲያን ምቱ ይንገዳገዳል አሉት። እርሱ በጎቲክ ሕንፃ የተማረውን መዛነፍ ወደ ስንኝ ማምጣቱ ነበር።

ኤማ ኖቬምበር 27 ቀን 1912 ሞተች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በአንድ ቤት ተራርቀው ነበር የኖሩት። በዚያው ክረምት ስለ እርሷ በተከታታይ ከጻፋቸው ግጥሞች አንዱ «ዘ ቮይስ» ነው፤ ዲሴምበር 1912 የሚል ቀን ተጽፎበታል። 16 መስመር ነው፤ አራት አንጓ፣ እያንዳንዱ አራት መስመር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አንጓዎች ረጅም መስመር አላቸው፤ አንድ ጠንካራ ሁለት ለስላሳ እያለ የሚሄድ የሦስትዮሽ ምት ይዘው ሳይቋረጡ ይፈስሳሉ። አራተኛው አንጓ ሲገባ ምቱ ይሰበራል። የመጀመሪያው መስመር ያጥራል፤ ሥርዓተ ነጥብ መሐሉን ይከፍለዋል። ሦስተኛው ለመርዘም ይሞክራል። የመጨረሻው ደግሞ እንደገና አጥሮ ያበቃል። ሦስቱን አንጓዎች በዚያ ልክ ያቆመ እጅ አራተኛውን ማቃናት አላቃተውም፤ ስብራቱ የት እንዲውል ለክቶ ነው ያስቀመጠው።